ተቀብተህ ጠብቀኝ

አፍንጫዬ ጡረታ የወጣው ከእኔ ቀድሞ ነው። ቆዳ ፋብሪካ የተቀጠርኩት ገና ጢም ሳላወጣ ነበር፤ የመደቡኝም ጥሬ ቆዳ ፀጉሩ እስኪለቅ ኖራ ውስጥ የሚዘፈዘፍበት ክፍል ነው። እዚያ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል፣ ከዚያ ምንም አይሸተውም። እኔ ምንም ከማይሸታቸው ተርታ ከገባሁ ቆየሁ። ወጥ ቢያርር አላውቅም፤ ወተት መበላሸቱንም የማውቀው በምላሴ ነው። ሐኪሙ «ይመለሳል ብለው አይጠብቁ» አለኝ። እኔም አልጠበቅኩም፤ ደግሞስ የሚሸተት ምን ቀርቶኛል።

እንግዲህ ልጄ ሽቶ የላከችው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ልጄ አንድ ናት። ነርስ ናት፤ ሩቅ ከተማ ነው የምትሠራው። እናቷን ከቀበርን ወዲህ አልመጣችም። አንዴ ፈረቃ፣ አንዴ መንገድ፣ ምክንያቱ አያልቅም፤ እኔም አልጠይቅም። ዘንድሮ ግን እመጣለሁ አለች። አስቀድማም በሹፌር እጅ አንድ ሸሚዝና አንድ ካርቶን ሰደደችልኝ። ካርቶኑ ላይ «ለወንዶች» ይላል። ውስጡ አረንጓዴ ጠርሙስ አለ፣ ክዳኑ ቡናማ ቆዳ የለበሰ። ቆዳውን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት፤ የበግ ነው፣ ደህና አድርገው አልፍተውታል።

በማግስቱ ደወለች።

«አባዬ፣ ሽቶው ደረሰህ?»

«ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ስመጣ ተቀብተህ ጠብቀኝ። እሺ? እንዳትረሳ።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ተቀብተህ ጠብቀኝ። ምን ማለቷ ነው?

ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነበርኩ። ከሥራ በቀጥታ ነው የምሄደው። ልጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ አፍንጫቸውን ይይዙና «ጥሬ ቆዳ መጣ» ይላሉ። ውሎ አድሮ ስሙ ወደ እሷ ዞረ። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «አባዬ፣ አንተ ከመንገዱ ማዶ ብትቆም እኔ እመጣልሃለሁ» አለችኝ። ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዶ ቆምኩ። ለእናቷ አልከፋኝም አልኳት።

እናቷ የራሷ ሕግ ነበራት። በሩ አጠገብ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ፣ የጥብስ ቅጠል ተክላለች። ከሥራ ስደርስ «እጅህን» ትላለች። ቅጠሉን ቀንጥሳ መዳፌን ታሸኛለች፣ ክንዴን ታሸኛለች፣ በመጨረሻ አንገቴን። ያለዚያ ደጃፉን አላልፍም፣ ልጅም አላቅፍም።

«የጥብስ ሥጋ አደረግሽኝ እኮ» እላታለሁ።

«ጥሬ ከምትሆን ይሻላል» ትለኛለች።

እሷ ስትሞት የሚያሸኝ ጠፋ። ቅጠሉም ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ደረቀ። ቆርቆሮው እስካሁን በሩ ላይ አለ፤ አላነሳሁትም።

እና ልጄ ተቀብተህ ጠብቀኝ ስትለኝ፣ ዛሬም ማዶ ቁም ያለችኝ መሰለኝ። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ግን በሰው ላይ ሳያጣሩ መፍረድም ነውር ነው። ሽቶው ምን እንደሚሸት ባውቅ ሐሳቧ ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። ለዚያ ደግሞ የሚሠራ አፍንጫ ያስፈልጋል።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ይባላል እንጂ፣ መድኃኒቱ አጠገብህ ካልመጣ ምን ይሠራል? ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ከቀብሩ ወዲህ እኔን ለማሽተት የሚበቃ ያህል የቀረበኝ ሰው የለም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሰላም የምትለኝ በመስኮቷ ነው፣ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ። ባለሱቁ ዕቃ የሚያቀብለኝ በብረት ፍርግርግ ነው። የድሮ ባልደረቦቼ፣ ግም ለግም አብረህ አዝግም እየተባባልን አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ተፋፍገን የምንሄደው፣ ገሚሱ ሞቷል፤ የቀረውም አፍንጫው እንደ እኔ ነው። ልብስ ሰፊዋን እስቲ ጠጋ በዪና አሽትቺኝ ልበላት? በዚህ ዕድሜዬ ሰፈሩ ምን ሲል ሊከርም ነው።

የቀረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እኔን የሚነካ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም በሒሳብ። ሽቶውን አወጣሁ። ምን ያህል እንደሚበቃ የሚነግረኝ የለምና ቆዳ እንደምዘፈዝፍ ሁሉ አንገቴ እስኪረጥብ ነፋሁትና ሄድኩ። ገና ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ፀጉር አስተካካዩ አስነጠሰው፤ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ጋሼ፣ ምን ውስጥ ወድቀው ነው የመጡት?»

«ልጄ የላከችልኝ ነው። እስቲ ምን ምን ይላል?»

ነገሬን ከምር ወሰደው። መቀሱን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቴ ላይ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ሰው ከራቀኝ እንዲህ መቆየቱን አላሰብኩትም ነበር።

«መጀመሪያ ቅጠል ቅጠል ይላል» አለ። «አሁን የታጨደ ሣር፣ ደግሞ የሆነ የወጥ ቤት ቅጠል። ከሥሩ ግን…»

«ተናገር እንጂ።»

«እንዳይቀየሙኝ ጋሼ። ቆዳ ነው።»

«ቆዳ?»

«ቆዳ። ውድ ነው መቼም፣ ያስታውቃል። ግን ቆዳ ቆዳ ይላል።»

ሳቅሁ፤ እሱም እኔ ስስቅ ቀለል ብሎት ሳቀ። ስወጣ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ዕድሜ ልኬን በሳሙና ስፈገፍገው የኖርኩትን ነገር በጠርሙስ አድርገው ይሸጡታል አሉ። የሚሸጡትም የሚገዙትም አፍንጫቸውን ይላሱ። የእኔ ልጅ ግን፣ ስንት ጽጌረዳ፣ ስንት ሎሚ እያለ፣ ከሁሉ መርጣ ይህን? እያላገጠችብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚማከረው ከራሱ ጋር ነው፤ ራሱ ደግሞ መቼም እንቢ አይለውም። ጠርሙሱን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አልጋ ሥር ወረወርኩት።

የምትመጣ ዕለት በልብስ ሳሙና ታጠብኩ። አንገቴ እስኪቀላ፣ የጥፍሬ ሥር እስኪያቃጥለኝ ፈተግሁት። የላከችልኝን ሸሚዝ ለብሼ አውቶቡስ መናኸሪያው ደረስኩና ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አየኋት። ከስታለች። መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ተቀባዮቹን አንድ በአንድ ታያለች፤ ሌላው ሁሉ ይተቃቀፋል። እጄን ላነሳ አልኩና ተውኩት። በመጨረሻ ቀና ስትል ማዶ ዓይናችን ተጋጠመ። መኪና መጣ አልመጣ ሳትል ተሻገረች፤ አንዱ ሹፌር ጡሩምባውን ለቀቀባት። ሻንጣዋን እግሬ ሥር ጥላ ፊቷን አንገቴ ውስጥ ቀበረች። አንዴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ደግማ ሳበች። ከዚያ ራቅ ብላ አየችኝ።

«አልተቀባኸውም?»

«ታጥቤያለሁ» አልኳት። «ደህና አድርጌ ነው የታጠብኩት። አትስጊ፣ ምንም አልሸትም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ሲገጥመኝ እጄን የማደርግበት አላውቅም፤ ሻንጣዋን አነሳሁ።

«አባዬ» አለች፣ «ለአለቃዬ ስጦታ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጯ ይህንን ወረቀት ላይ ነፍታ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የበራችን ሽታ ነው የሸተተኝ። አንተ ከሥራ መጥተህ፣ እማዬ ቅጠሉን እጅህ ላይ ስታሸው። ሻጯ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «ለእማዬ ለቅሶ ስመጣ እኮ እሷም የለች፣ አንተም ጡረታ ወጥተህ የሥራ ልብስህን ጥለኸዋል። ቤቱ የማላውቀው ሰው ቤት ሆነብኝ። ለዚህ ነው መምጣት ያቃተኝ። ስገባ እናንተ እንድትሸቱኝ ብዬ ነው የላክሁት።»

«ሽቶው ቤት አለ» አልኳት። «አልጋ ሥር ነው።»

ቤት ገብተን ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። እንደ በፊቱ ልነፋው ስል ጠርሙሱን ነጠቀችኝ፤ «ቀስ፣ ገንዳ ውስጥ ቆዳ እየነከርክ አይደለም» አለች። ከዚያ «እጅህን» አለችኝ። መዳፌ ላይ ትንሽ ነፋችና በአውራ ጣቷ አሸችው፣ ክንዴን አሸችው፣ በመጨረሻ አንገቴን። እንዲህ ሲደረግልኝ ዝም ብዬ መቆም እንደምችል ረስቼው ነበር።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እናትሽም አለች?» አልኳት።

ረዘም አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች። «አለች።»

እኔም ሳብኩ። ሌላ ጊዜ የማልሞክረውን ደጋግሜ ሞከርኩ። ምንም። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ ግን የማውቀው በወሬ ነው። ልጄ ጭንቅላቷን እንዳታነሳ ብዬ ትከሻዬን አላንቀሳቀስኩም።