የማለፊያው በር ጓጉንቸር

የጭስ ማጠቢያው ማማ ላይ አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ለጥገና የገባ ሰው የነካው በር ላይ ስሙ የተጻፈበትን የራሱን ጓጉንቸር ይሰቅላል። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይፈታውም፤ አለቃም ቢሆን።

ጥድፊያው ሰቅሎ ረሳ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ሩጫ ስለሆነ ነው ጓደኞቹ እንዲህ ያሉት። ሥራው ከኃይል ማመንጫው የሚወጣውን ጭስ በማማው ውስጥ ማሳለፍ ነው። እዚያ ከላይ የሚወርደው ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ የቀረው ወደ ሰማይ ይሄዳል። የዚያን ቀን ማማውን ለማጽዳት ጭሱን ማማውን ሳይነካ ወደ ሰማይ በሚያስወጣው በማለፊያው በር አዙሮ፣ በሩ ክፍት እንዳለ ጓጉንቸሩን ሰቀለ። ጽዳቱን ጨርሶ ሊፈታ ሲል የሚስቱ ታላቅ ወንድም ከታች ተጣራ።

"ና ውረድ፣ አጎት ሆኛለሁ።"

ተያይዘው ሆስፒታል በረሩ። ልጅቷን ሲያቅፍ እንኳን በሩ የገዛ ስሙም ጠፍቶት ነበር። ለዚያስ ማን ይፈርድበታል?

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። የሚስቱ ወንድም የማመንጫው የመለኪያ ባለሙያ ነው፤ "ልኬ" ይሉታል። የተያዘውን ጋዝ የሚለካውን መሣሪያ በቅርቡ ያደሰው እሱ ነበር። አሁን ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ተረኛው ከመቆጣጠሪያ ክፍል ማለፊያውን "ዝጋ" ብሎት ስለነበር ስክሪኑ ዝግ ነው ይላል። ስክሪን ምን ያውቃል፤ የሚያሳየው ትእዛዙን ነው፣ በሩን ግን ጓጉንቸሩ ክፍት አድርጎ ይዞታል።

"እንግዲያው የሚዋሸው መለኪያህ ነው" አለ አለቃው። "በዚህ ጥፋት ሰው ይባረራል።"

"መለኪያዬ አይዋሽም" አለ ልኬ ረጋ ብሎ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

በዚያው ምሽት ልኬ ሕፃኗን ታቅፎ ሳሎን ተቀምጦ ሳለ፣ እህቱ የባሏን የሥራ ቱታ ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች።

"ይሄ ደግሞ የምን ቁልፍ ነው?"

ጥድፊያው ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለው። "የመሳቢያ ነው" አለ።

ልኬ ቁልፉን አየው፤ ቀጥሎ የአማቹን ፊት አየ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ "አፍንጫሽ የአባትሽ ነው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ። እህቱ ሳቀች።

ጥድፊያው ነገ እናገራለሁ አለ። ነጋ፤ አልተናገረም። አራስ ሚስት፣ የቤት ኪራይ፣ እኔ ብባረርስ እያለ ምክንያት ደረደረ። ልኬ ግን ማታ ማታ እየመጣ ልጅቷን እሹሩሩ ይላል። ያን ባየ ቁጥር ጥድፊያው ሰበብ ፈልጎ ከሳሎን ይወጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን አፍሶ በሰው እጅ ሊያስለቅም ነው። ራሱን ተጸየፈ።

ልኬ ቢሮ የተጠራ ዕለት ጥድፊያው ወደ ማማው ሮጠ። ሐሳቡ ጓጉንቸሩን ፈትቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ምንም እንዳላየ መውረድ ነበር። ቁጥሩ ሲመለስ አለቃውም ይበርድለታል አለ።

ጓጉንቸሩ እንደተሰቀለ ነው። አጠገቡ ግን ሌላ ጓጉንቸር አለ። "ልኬ" ይላል።

የራሱን ፈታ። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ልኬ አውቋል ማለት ነው። ሊያጋልጠው ቢፈልግ አለቃውን ይዞ በወጣ ነበር። እሱ ግን ያለ እሱ ቁልፍ በሩ እንዳይዘጋ የራሱን ጓጉንቸር ሰቅሎ ወረደ፤ ያ ሁሉ ምሽት ልጅቷን ታቅፎ ሲጠብቀው ነበር። ጥድፊያው ብረቱን ተደግፎ ቆመ። አለቀሰም። ደረጃውን የወረደው ቀስ ብሎ ነው።

ቢሮው ውስጥ አለቃው ወረቀት ላይ ሊፈርም ብዕር አንስቷል። ልኬ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

"ጋሼ" አለ ጥድፊያው ከበሩ ልኬን እያየ። "ቁልፍህን ስጠኝ። ማለፊያውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

"ሮጠህ የማትደርስበት ነገር የለም፣ እዚህ ጋ ነው እንዴ የምትዘገየው?" አለ ልኬ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። ኪሱን አልፈተሸም። ቁልፉ በጭብጡ ውስጥ ነበር፤ ጥድፊያው ሲቀበለው በላብ ርሶ ሞቋል።