ግማሽ ዙር ወደ ኋላ

እናታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይሄዱ ነበር። የሚታጠቡበት ሆስፒታል ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ መንገዱ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የዚያ ዓመት ሙቀት ደግሞ እንኳን በሽተኛ ጤነኛም የሚጥል ነበር። የሚያመላልሳቸው የታላቁ ልጃቸው መኪና ኤሲው ቅዝቃዜውን ትቶ ትኩስ ነፋስ መስጠት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። አሮጊቷ ከኋላ ወንበር የሚወርዱት ተልፈስፍሰው፣ በሰው ክንድ ተደግፈው ነው።

ታላቅየው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። ሚስቱ እንኳ ሳትቀር «ዲሬክተሩ» ነው የምትለው። ታናሽየው ፍሪጅና አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ አራት ሠራተኞች ያሉት የራሱ መጠገኛ ቤት አለው። የባለሥልጣን መኪና ሳይቀር ኤሲው ሲበላሽ እሱ ዘንድ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ በቤተሰቡ ውስጥ መጠሪያው «ፍሪጁ» ነው። ስሙን ያወጣለት ወንድሙ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ፍሪጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲወድቅ ዲሬክተሩ ገና የተሾመበት ዓመት ነበር። ጠዋት ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ወንድሙን ጠርቶ ከፊት አቆመውና፣ «ይሄ የናቴ ልጅ ነው። ደደብ ማለት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ደህና አድርጎ ይየው» አለ። ተማሪው ሳቀ። አስተማሪዎቹም ሳቁ። ልጁ በዚያው ሳምንት ደብተሩን ጥሎ ፍሪጅ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏል። ዲሬክተሩ ግን ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ያቺን ጠዋት እንደ ቀልድ ያወራታል፤ ፍሪጁም ከሰው ጋር አብሮ ፈገግ ይላል።

የእናቱ ነገር አንጀቱን ቢበላው፣ ፍሪጁ መኪናውን አምጣውና ጋዝ ልሙላልህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ዲሬክተሩ፣ መኪና የማጀት ፍሪጅ አይደለም ብሎ መለሰው። ከዚያ ራሱ ወደ መለዋወጫ መደብር ሄዶ አንድ ቆርቆሮ ጋዝ ከነቱቦው ገዛ። አሞላሉን የሚያሳይ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ አይቶ ደረጃ በደረጃ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሕፈቱ ወረቀት ላይ ገለበጠ።

እሑድ ቀን ፍሪጁ ወንድሙ ዘንድ የሚኖሩትን እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ግቢው ውስጥ የመኪናው ኮፈኖ ተከፍቶ አገኘ። እናታቸው ጥላው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዲሬክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ጓንት አጥልቋል።

«ጋሼ፣ ላግዝህ?» አለው ፍሪጁ።

«አንተ ተቀመጥ» አለ ዲሬክተሩ ቀና ሳይል። «ዛሬ እንኳ ቁጭ ብለህ ተማር።»

ፍሪጁ ከእናቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር ዲሬክተሩ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን የመጨረሻው ላይ አደረገው። ወፍራሙን ቧንቧ ለይቶ ክዳኑን ፈታና የቱቦውን አፍ ገጠመ። ሌላኛውን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ አሰረ። የቀረው የቆርቆሮው መክፈቻ ነው። መክፈቻው ውስጥ መርፌ አለች። እስከ መጨረሻው ሲያጠብቋት ቆርቆሮውን ትበሳለች፤ ነገር ግን የበሳችውን ቀዳዳ ራሷ ደፍና ትቆማለች። ጋዙ እንዲያልፍ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መመለስ አለባት። ዲሬክተሩ አጠበቀና ተወው።

ቱቦው ላይ ባለው የግፊት መለኪያ ጌጅ ያለችው ቀስት ንቅንቅ አላለችም። ቆርቆሮውን ነቀነቀው። ወረቀቱን አነበበ። መክፈቻውን ይበልጥ አጠበቀው።

ፍሪጁ ከተቀመጠበት ስህተቱን ቁልጭ አድርጎ አየ። «ወደ ኋላ መልሰው» ቢል አበቃ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እግሩን አጣምሮ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ።

ዲሬክተሩ ትንሽ አሰበና ቆርቆሮው ቀዝቅዞ ነው እምቢ ያለው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። ሚስቱ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። ቆርቆሮው ገባበት። ምንም የለም። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። እናታቸው ልጄ ይበቃሃል፣ አረፍ በል ቢሉት አልሰማም።

«የፈላ አምጪ» አላት ሚስቱን።

ሴትየዋ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትመለስ ፍሪጁ አጠገብ ቆም አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ነገር ደግ ነው?» አለችው።

ፍሪጁ ሠራተኞቹን የጋዝ ቆርቆሮ የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱ ብሎ ስንት ጊዜ ተቆጥቷቸዋል። አንዱን በዚሁ ምክንያት አባሮታል። ይፈነዳል ብሎ አላሰበም ቢባል ውሸት ነው። ያሰበው ግን ትንሽ ነገር ነው፦ ዷ ይላል፣ እጁን ይለበልበዋል፣ በሚስቱና በናቱ ፊት ያፍራል። አንድ ቀን እሱም ቢቀምሳት ምናለ።

«ዲሬክተሩን ጠይቂው» አላት።

ሄደች። ውሃው ሳፋው ውስጥ ተገለበጠ። ዲሬክተሩ ቀስቲቱን ጠጋ ብሎ ለማየት ሳፋው ላይ አጎነበሰ።

ቆርቆሮው ሲፈነዳ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። የፈላው ውሃ ደረቱን ላጠው፤ ከቆርቆሮው የወጣው ጋዝ ደግሞ ፊቱን እንደ በረዶ አደረቀው። የቆርቆሮው ቂጥ ተገንጥሎ ግራ ዓይኑን መታው። ዲሬክተሩ አልጮኸም። ተንበርክኮ በሁለት እጁ መሬቱን መዳበስ ያዘ፣ የጠፋበትን መነጽር እንደሚፈልግ ሰው። ፍሪጁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። አንስቶ መኪናው ውስጥ ያስገባውም፣ ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነው።

ዓይኑ አልተረፈም። ሐኪሙ ይህን ነግሮ ሲሄድ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ወደ ፍሪጁ ዞረች። ሥራህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምትነካው ነገር ነው፣ እንዴት ሳታውቅ ቀረህ ብላ ጠየቀችው። እኔ የማውቀው ፍሪጅ ብቻ ነው ብሎ መለሰላት። አፍጥጣ አየችውና ወደ ባሏ ክፍል ገባች።

በማግስቱ እጥበት ነበር። ፍሪጁ በጠዋት መጥቶ አዲስ ቆርቆሮ ገጠመ፣ መርፌዋን አጠበቀ፣ ግማሽ ዙር መለሳት። በሃያ ደቂቃ የመኪናው ውስጥ ቀዘቀዘ። እናቱን አሳፍሮ ሄደ።

ዲሬክተሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ። ፍሪጁ ሊጠይቀው ሲሄድ ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ፊቱ በፋሻ ስለተሸፈነ ያነሰ መሰለው። ዲሬክተሩ በሕይወቱ ወንድሙን ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ቆርቆሮው ብልሹ ነበር ማለት ይቻል ነበር። ፍሪጁ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀውም እሱን ነው። ግን ያ ድምፅ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲለምን መስማቱ አንዳች ክፉ ነገር ቀሰቀሰበት።

«መክፈቻውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መመለስ ነበረብህ» አለ። «ገና ስታጠብቀው አይቼሃለሁ።»

«ውሃውንም ታውቅ ነበር?»

«ውሃውንም።»

ይጮሃል ብሎ ጠበቀ። ይረግመኛል፣ ቢያንስ ውጣልኝ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ዲሬክተሩ ከጠረጴዛው ላይ የመኪናውን ቁልፍ በዳበሳ አንስቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ሰኞ እጥበት አለባት» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጁ ይነዳል፤ ዲሬክተሩ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከፊት ከጎኑ ይቀመጣል። የጠፋው ዓይን በሾፌሩ በኩል ያለው ነው። ፋሻው ከተነሳ በኋላ ፍሪጁ ወደ ቀኝ መስተዋቱ ባየ ቁጥር የሚያየው ያንን የተሰፋ ቆዳ ሆነ። በመንገድ አይነጋገሩም። ምንም የማያውቁት እናታቸው ብቻ ከኋላ ሆነው ይመርቃሉ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ። ነፍሴን መለስክልኝ።»

ዲሬክተሩ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ «አሜን» ይላል። ፍሪጁ በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ ውስጥ መሪው ላይ እጁ ያልበዋል።

አሮጊቷ አሥራ አንድ ወር ኖሩ። ከተቀበሩ በኋላ ዲሬክተሩ መኪናውን ሸጠው። ፍሪጁ በሳምንቱ ሊጠይቀው ሲሄድ የወንድሙ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ከእንግዲህ እንዳትመጣ ብሏል» አለችው። «ለምን ብለው፣ እሱ ያውቀዋል አለኝ። ምንድን ነው የምታውቀው?»

«እኔ አላውቅም» አለ ፍሪጁ፤ ሴትየዋ በሩን እስክትዘጋው ድረስ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።