ተመችቷታል

«ተመችቷታል» አለች ጎረቤቴ ሀያት፣ የልጅ ልጄን ሩታን አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች አይታ። ሩታ ወልዳ ሐይቅ ዳር እኔ ቤት ነው የምትታረሰው። ጉንጯ ሞልቷል፣ አገጯ ተደራርቧል። በእኛ ዘንድ ይህ ምስጋና ነው። እኔ ግን ጠዋት ልጇን አቅፋ ስትነሳ ጉልበቷ ሲከዳት አይቻለሁ። ሕፃኑን አየር ላይ የቀለብኩት እኔ ነኝ።

«እማማ፣ ልጄን ማቀፍ ፈራሁ» አለችኝ።

የሰፈራችንን ነርስ ሰሚራን ጠራኋት። ሩታን መረመረች፤ ቀጥላም ሳትደገፍ እንድትነሳ አዘዘቻት። አልቻለችም።

«በሽታ አላየሁባትም። ምን ትበላለች?»

«ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ደግሞ ገንፎ» አልኩ።

«ትንቀሳቀሳለች?»

«አራስ የት ትሄዳለች?»

ሰሚራ አልሳቀችም። «ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ፕሮቲኑ እየሟሸሸ ይሄዳል። ከልክ ያለፈው ቅቤ ደግሞ በጡንቻው መሃል ስብ ሆኖ ይገባና የቀረውንም ጡንቻ ሥራ ያውካል። ስለዚህ ትወፍራለች እንጂ አትጠነክርም። ታጠባለችና ምግብ እንዳይቀንስባት፤ ግን እንቁላል፣ ባቄላ፣ ወተት ይሁን። ቀስ ብላም ትራመድ።»

በማግስቱ የሩታ አማት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ይዘው ከባጃጅ ወረዱ። እኛ ነጠላ ለብሰን በር ላይ ነበርን።

«ወዴት ነው?»

«ልናናፍሳት ነው፣ እትዬ።»

«አራስ? ምች ቢመታትስ?»

እኔም ምች እፈራለሁ፤ ጤና አዳም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥሬላታለሁ። እሱን ግን አልነገርኳቸውም።

«ምቹ ቢመጣ እኔን ያግኝ» አልኩ።

«እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? የልጄ ሚስት ከሳች ተብዬ ልሰደብ?»

«ይሰደቡ። እኔም ጨካኝ ተብዬ እሰደባለሁ፤ አብረን እንሰደባለን።»

«ተመችቷት ሳለ ምን አስነሣት?»

«የተመቸው ቅቤው ነው፤ ጉልበቷ ላይ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። እሷን አልተመቻትም።»

ሀያት አጥር ላይ ሆና ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ፤ እኔም ሕፃኑን አቅፌ አለፍኳቸው።

ሩታ የመንገዱን ዳር ግንብ እየያዘች ሄደች። ሱቁ ጋ ስትደርስ እግሯ ተንቀጠቀጠ። እንመለስ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በየቀኑ እንዲሁ ወጣን። አማቷ ሲያኮርፉ ሰነበቱ፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ስጸልይ።

ትናንት ሩታ ግንቡን ለቀቀች። ዞር ብላ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ፣ እማማ።»

«ቤት ስንገባ።»

«አሁን ስጪኝ። የኔ ልጅ ነው።»

ሰጠኋት። አቅፋው ሄደች፣ ቀጥ ብላ፣ በሚያዩን ሰዎች ሁሉ ፊት። እኔም ሁለት እጆቼን ከሕፃኑ ሥር ዘርግቼ እስከ ደጃችን ከጎኗ ሄድኩ።