ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ጋቢው ይሞቃል።

እናትዓለም አላመነችምና መዳፏን እንደገና አስጠጋች። ጥግ ያለው ጠረጴዛ የተሸከመው ነገር ሁሉ በወፍራም ጋቢ ተጀቡኖ፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይፋጃል። ቤቱ በለቀስተኛ ሲታመስ ስለ ሰነበተ ድምፁን የሰማ የለም። አሁን ግን ጆሮዋን ስትደቅን ከጋቢው ሥር የታፈነ ማቃሰት መጣላት።

“ውዴ፣ ይህን ማን ሸፈነው?” አለች በሹክሹክታ።

“እኔ ነኛ” አለች ጎረቤቷ ውዴ፣ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ። “መርዶው የመጣ ዕለት፣ ቴሌቪዥኑንም ይህንንም እኔ ነኝ የሸፈንሁት። ለቅሶ ቤት የሚያበራ ነገር ተገልጦ ይቀመጣል እንዴ?”

“ሳይጠፋ?”

“ማጥፊያውን የት አውቄው?”

እናትዓለም ጋቢውን ገፈፈችው። የታፈነው ሙቀት ፊቷን መታት። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ አለ፣ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ቀጥ። ስክሪኑም ጠቆረ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ባሏ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ዜማ በገዛ ድምፃቸው የቀዱት በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ቅጂ የሚያስቀምጡበት ዲስክ ክረምት ላይ ወድቆ ተሰብሮባቸው፣ አዲሱን በሞቱበት ዕለት ጧት ሰኩና፣ “ስመለስ እገለብጠዋለሁ” ብለው ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ልባቸው ቆመ። ለቀስተኛው ቤቱን ሲሞላው ማን ኮምፒውተር ያስታውስ!

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እናትዓለም የባሏን ድምፅ ለማስታወስ ብትሞክር ብትሞክር እምቢ አላት። ሳላቸው ብቻ ይመጣባታል። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ድምፁ እንዲህ በጥቂት ቀን ከጆሮዋ ይጠፋል ብላ አስባ አታውቅም። ፈራች። ይህን ፍርሃቷንም ለማንም አልተናገረችም።

ልጇ መልካሙ ከድንኳኑ ተጠርቶ መጣ። ነገሩ ገና ሳይነገረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ እጁንም ወደ ማብሪያው ሰደደ።

“አትንካው!” አለችው። “እንዲህ ተቃጥሎ አይከፈትም። አባትህ ሲሉ አልሰማህም? ይቀዝቅዝ።”

ተቀመጡና ጠበቁ። ሰው ይገባል፣ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ይላል፣ እሷም “አሜን” ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከጥጉ አይነቀልም። ከይፋግ የመጡ ዘመዶች ይህን አይተው፣ “ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር እያየች እኮ ነው” ተባባሉና አዲስ ለቅሶ አወጡ። እሷ የምታየው ግን ወንበሩን አልነበረም።

ቤታቸው ለሐይቁ ቅርብ ነው። ከጣና የሚነሡት ትንኞች ብርሃን አይተው እየመጡ ማራገቢያው ውስጥ ያልቃሉ። መሪጌታ ታዲያ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ለጽዳቱ ይነሣሉ። በሥርዓት ያጠፉታል፣ ሶኬቱን ይነቅላሉ፣ የጎኑን ክዳን ይፈታሉ፣ ከዚያ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥግ ጥጉን ይጠርጋሉ። መልሰው ሲከፍቱት ደግሞ የማይፈለገውን ሁሉ እየሰረዙ፣ “ሸክሙን አቀለልሁለት” ይላሉ።

“የእኔን ጉንፋን እንዲህ ቢያስታምሙልኝ በአንድ ቀን በለቀቀኝ” ትላቸው ነበር እናትዓለም።

“አንቺስ አፍ አለሽ፣ አመመኝ ትያለሽ” ብለው ይስቃሉ። “ይህ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞት። መተንፈሻውን እንዳትዘጉበት ብቻ።” መጨረሻ ላይ የእጃቸውን ጀርባ ከኋላው መተንፈሻ ላይ አድርገው ሙቀቱን ይለኩና፣ “ይተነፍሳል” ይላሉ።

እሳቸውም ዝም ብለው ነው የሞቱት። ደረታቸውን እንደሚወጋቸው ለአንድ ሰው እንኳ ሳይናገሩ።

መልካሙ ክዳኑን ሲፈታ የሟች ታላቅ እህት፣ እትዬ ወለተ ኪዳን፣ ከፍራሹ ላይ ተቆጡ። “ገና አፈሩ ሳይደርቅ ዕቃ ይፈታታል እንዴ? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ያሻውን ይበል፣ እትዬ” አለች እናትዓለም። “እኔ ሁለት ጊዜ መቅበር አልችልም።”

እትዬ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ውስጡ የትንኝ ሬሳና አቧራ አንድ ላይ ተጋግሯል፤ ከጋቢው የረገፈው ጥጥም ከላዩ ተደርቦበታል። እናትዓለም ብሩሹን ከመሳቢያው አውጥታ ለልጇ ሰጠችው። ውዴ የስልኳን መብራት አብርታ ያዘች።

“እኔ ነኝ የገደልሁት” አለች እያለቀሰች።

“ዝም በይ። ለወጉ ብለሽ ነው። ይልቅ ብርሃኑን ወዲህ አድርጊው። መልካሙ፣ ማራገቢያውን በጣትህ ያዘው፣ አይሽከርከርብህ።”

ጠርጎ ጨረሰ። ክዳኑን ገጠመ፣ ሶኬቱን ሰካ። ከዚያ እጁ ማብሪያው ላይ ቀረና እናቱን አየ። እሱም ፈርቷል።

“ጫነው” አለችው።

ጫነው። ምንም የለም። ከድንኳኑ የሽማግሌዎች ወሬ ይሰማል፣ ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ፤ ከሣጥኑ ግን ምንም። እናትዓለም የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። መልካሙ እንደገና ጫነ፣ ጣቱንም ሳያነሣ ቆየ።

ማራገቢያው ዞረ።

ስክሪኑ በራ፣ ጠቆረ፣ ደግሞ በራ። ሲከፈት የፈጀው ጊዜ ለእናትዓለም አንድ ዓመት መሰላት። መልካሙ የዜማዎቹን ማኅደር አግኝቶ አንዱን ነካ።

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነበር። እናትዓለም ደነገጠች፤ እሱንማ ታውቀዋለች፣ የቀራትም እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ “እንግዲህ ልጆቼ፣ ተከተሉኝ” የሚል፣ ጠርዙ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የእሳቸው ድምፅ።

እትዬ ወለተ ኪዳን “ወንድሜ!” ብለው ጮኹ። እናትዓለም ግን እጇን አነሣች።

“አጥፋው ልጄ። ይበቃኛል፤ መኖሩን አወቅሁ። አሁን ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጠው።”

መልካሙ መገልበጥ ጀመረ። ብርድ የመታት መስሏት ውዴ ጋቢውን አንሥታ በእናትዓለም ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ጫፉም ወርዶ የኮምፒውተሩን ጀርባ ሸፈነው። እናትዓለም ጫፉን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ የእጇን ጀርባ ከመተንፈሻው ላይ አስጠጋች፤ ቅጂው እስኪያልቅም አላነሣችውም።