እሳት የሌለበት ምት

መርሳ መብራት ካጣች ወዲህ የከተማዋ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎች ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቷል። ከነሐሴ ጀምሮ ስልክም ባንክም የለም፤ መንገዱም በግራም በቀኝም ተዘግቷል። ሆድ ግን ጦርነት ነው ብሎ አይታገሥም። ንፍሮና ቆሎ ጥቂት ቀን ያቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ዱቄት የግድ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሁሪያ የሟች ባሏን አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ አቧራውን አራግፋ ባስነሳች ጊዜ፣ ከሀብሩ ገጠሮች ሳይቀር ሰው በአህያ እየጫነ ይጎርፍ ጀመር።

ወፍጮውን ያስነሳላት መካኒኩ ፈንታው ነው። ፈንታው በደጉ ጊዜ ሹፌር ሁሉ በጆሮው ይምል የነበረ ሰው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ከጆሮው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ይኸውልህ፣ ሦስተኛው ፒስተን ነው የታመመው» ይላል። ሲከፈትም ሦስተኛው ነው። በነሐሴ ግን ከጋራዡ ኋላ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። የግራ ጆሮው ፈጽሞ ጠፋ፤ በቀኙ የሚሰማው ሰው ተጠግቶ ከጮኸለት ብቻ ነው፤ እሱም ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ። ሞተር ለእሱ ከዚያ ወዲህ በመዳፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር እንጂ ሌላ አይደለም።

በኅዳር አንድ ጠዋት ሁሪያ ሻሿ ዱቄት እንደለበሰ ወፍጮው በር ላይ ወደ ተቀመጠበት መጣችና በቀኝ ጆሮው ጮኸች።

«ፈንታው! ይህ ነገር እያንኳኳ ነው!»

«የቱ ነገር?»

«ሞተሩ! ቋ! ቋ! ቋ! ይላል!»

«ጋዝ ነው!» ብሎ እሱም ጮኸባት። ከደነቆረ ወዲህ ሰው ሁሉ የደነቆረ ይመስለዋል።

ጋዝ ነው ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ናፍጣ እንደ መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ሰሞን ሁሪያ የተገኘውን ናፍጣ ከነጭ ጋዝ ጋር እየቀላቀለች ነበር የምትሞላው። ጋዝ የበዛበት ሞተር ደግሞ ማንኳኳቱ የታወቀ ነው፤ በከተማው የቀረው ሞተር ሁሉ እያንኳኳ ነበር የሚሠራው። ሆኖም ፈንታው መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ጋዝ ብቻ መሆኑን ተጠራጠረ። እንዲህ ያለ ምት ከጋዝም ይመጣል፤ ፒስተኑን ከሚገፋው ክንድ ሥር ያለው ኩሽኔታ ሲበላም ይመጣል። ጋዝ ከሆነ እያንኳኳ ይፈጫል፤ ማንም አይሞትም። ኩሽኔታው ከሆነ ግን ክንዱ አንድ ቀን ተገንጥሎ የሞተሩን ሆድ ይበሳዋል፤ መርሳም ያለ ወፍጮ ትቀራለች። ታዲያ ለምን ከፍቶ አያየውም እንዳይባል፣ የሞተሩ ቡሎኖች ከዝገት ጋር የተጋቡ ናቸው። አንዱ ቢሰበር የሚተካው ኮምቦልቻ ነው ያለው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በዚያ ቀን ከጨረቃ ይርቃል። በደጉ ጊዜ ቢሆን ይህንን በአንድ ትንፋሽ ይለየው ነበር። አሁን ሁለት እጆቹን እያየ ቆመ።

የወፍጮ ተራ በሚጠብቀው ሰልፍ ውስጥ ሊዲያ ነበረች። ወልድያ የምታስተምር ወጣት መምህር ናት፤ ወልድያ ስትያዝ በእግሯ መጥታ አክስቷ አልማዝ ዘንድ የተጠጋች። ከጦርነቱ በፊት ፈንታው ጋራዥ እየመጣች የታመሙ ሞተሮችን ድምፅ ትቀዳ፣ እሱንም «ይህ ምኑን ነው ያመመው?» እያለች ትጠይቀው ነበር። እሱም «ሞተር እንደ ዘፈን የምትቀጂው ምን ልትሆኚ ነው?» ብሎ ይቀልድባት ነበር።

አሁን ማሽላዋን ለአክስቷ ትታ መጣችና በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የምታደርገውን ስልኳን አሳየችው።

«ጋሽ ፈንታው፣ ይህ ይስማልዎት!»

«ማን?»

«ስልኩ!»

ሰልፉ ሳቀ። አክስቷ አልማዝ ከማሽላው ላይ ሆና፣ «ልጄ፣ ኔትወርክ ከነሐሴ ጀምሮ የለም፤ ማንን ልትጠይቂበት ነው?» አለች።

«ማንንም አልጠይቅም አክስቴ። የሚያውቀው ስልኩ ራሱ ነው።»

«ራሱ? ባለ ጆሮው ሰው ያጣውን ስልክ አገኘው በይን!»

ፈንታው ለምን እንደተሳቀ አልሰማም፤ የሳቂዎቹን ጥርስ ብዛት ግን አየ። ሊዲያ ተጠግታ በጆሮው ትጮህለት ጀመር። የምትለውን ሁሉ ሰልፉም አብሮ ሰማ፤ በመርሳ እንደዚያ ቀን ጮክ ተብሎ የተሰጠ ትምህርት አልነበረም።

«ጥልቅ ትምህርት ይሉታል! ማሽን ነው የሚማረው! ሕጉን አንነግረውም! ይሰማል፣ ይገምታል፣ ሲሳሳት ራሱን ጥቂት ጥቂት ያስተካክላል፤ እንደገና ይገምታል!»

«ስንት ጊዜ?»

«ሚሊዮን ጊዜ! አይሰለቸውም!»

«እና የሰማው የኔን ሞተሮች ነው?»

ሊዲያ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «የእርስዎ ጥቂት ናቸው! መጀመሪያ የሰማው የዓለምን ድምፅ ነው! ዝናብ፣ ባቡር፣ ወፍ፣ ገበያ፣ የልጅ ልቅሶ! ስሙን ማንም ሳይነግረው! ከድምፁ ላይ ቁራጭ እየቆረጥን እንሰውርበታለን፤ የጎደለውን ራሱ ገምቶ ይሞላል! እንዲያ እያለ መስማት ተማረ። ከእርስዎ የተማረው ስም ስሙን ብቻ ነው፤ ይህ ኩሽኔታ፣ ይህ ነዳጅ እያለ!»

ስሙ ያልተነገረውን የዓለም ድምፅ ሁሉ እየሰማ ያደገ ነገር፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ ከእሱ ጋራዥ ስም መማሩ ለፈንታው እንግዳ ሆነበት። ስልኩን በሁለት ጣቱ ያዘው። ከሳሙና አይበልጥም።

«ያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ገባ?»

«ሲማር ቤት የሚያህሉ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የተማረው! ከተማረ በኋላ ጨመቅነው!»

«እንደ ኑግ?» አለች ሁሪያ።

«እንደ ኑግ!»

ችግሩ ሰልፉ ነበር። ሴቱ ያወራል፣ አህያው ያናፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ሁሪያ የእህል መስፈሪያ ጣሳ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ስሙኝ! ለስልኩ ጸጥ በሉለት! የሚያስል ካለ አሁን ይሳል! አልማዝ፣ ያንቺን አህያ ውሰጂልን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፈንታው ባይሰማውም በዓይኑ አየው። ከመቶ የሚበልጥ ሰው፣ ያን ሁሉ ወራት በየጥጉ ድምፅ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ ፈልጎ ዝም አለ። አንዷ እናት የልጇን አፍ በጡቷ ያዘች። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ እሳቸውም ያወቁ አይመስልም። ሊዲያ ስልኩን ከሞተሩ ጎን አስጠጋችው።

ስልኩ ላይ ሥዕል መጣ። ጥቁር ሰማያዊ ሜዳ ነው፤ በላዩ ላይ ቢጫና ቀይ ዘንጎች ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ደማቅ ዘንግ፣ ከዚያ ባዶ፣ ደማቅ ዘንግ፣ ከዚያ ባዶ። ፈንታው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዘንጎቹ ጋር አንድ ላይ መዳፉ ሥር ብረቱ ይመታል። ዘንግ፣ ምት። ዘንግ፣ ምት።

«ይህ…» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ ድምፁ ነው?»

ሊዲያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ስልኩ ድምፁን እንዲህ ወደ ሥዕል ለውጦ ነው የሚያነበው። ወዲያው ሁለት ቃል ጻፈ፤ ከላይ «ነዳጅ»፣ ከሥሩ «ኩሽኔታ»።

«ሁለቱንም?» አለች ሁሪያ። «ይህማ እንደ ጠንቋይ ነው የሚያወራው! ዝናብ ይዘንባል፣ ካልዘነበም ያባራል!»

ሰልፉ እንደገና ሳቀ። ፈንታው ግን ከሥዕሉ ዓይኑን አላነሳም። ሊዲያም ቅር እንደተሰኘች ሳትሸሽግ፣ «ኩሽኔታ ያለው ምኑን አይቶ እንደሆነ እንጠይቀው» ብላ ስልኩን ነካች። ይህ መጠየቅ የሚባለው ነገር በቅርብ ዓመታት የተገኘ ብልሃት ነው፤ ማሽኑ ለመልሱ የተደገፈበትን ቦታ በሥዕሉ ላይ ያበራል። ደማቆቹ ዘንጎች ደበዘዙ። በዘንጎቹ መካከል፣ ፈንታው ባዶ ነው ብሎ ባለፈው ቦታ ላይ፣ ከግርጌ በኩል ትንንሽ ብርቱካናማ ጉሞች ፈኩ። ደማቅ ዘንግ ባለቀ ቁጥር አንድ ጉም።

ፈንታው ጣቱን በጉሙ ላይ አሳረፈ።

የናፍጣ ሞተር ፒስተን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሲወጣ እሳት የሚያገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ሥራው የተቃጠለውን ጭስ ጠርጎ ማስወጣት ነው። ጋዝ ቢያንኳኳ እሳት ባለበት ምት ላይ፣ በደማቁ ዘንግ ላይ ነው። እሳት በሌለበት ምት ላይ ጋዝ ምን አግብቶት ያንኳኳል? እዚያ የሚያንኳኳ ነገር ካለ ብረት ነው፤ ብረት ከብረት ጋር። የጋዙ ጩኸት አፍኖት፣ ጤነኛ ጆሮ ያለው መቶ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ያልሰማው ብረት።

«አጥፊው» አለ።

«ምን?» አለች ሁሪያ።

«አጥፊው! ሞተሩን! እከፍተዋለሁ!»

ሰልፉ አጉረመረመ። ከሲሪንቃ በኩል ሌሊት ተነሥተው የመጡ ነበሩ፤ «ለስልክ ወሬ ነው ልጆቼ ጦም የሚያድሩት?» ያለችም ነበረች። ሁሪያ ፈንታውን ትኩር ብላ አየችው። ፊት ለፊቱ ቆማም፣ አሁን ሳትጮህ ከንፈሯን ብቻ ቀስ እያንቀሳቀሰች፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ጆሮ አልባ ሰው እንዴት እርግጠኛ ይሆናል? አይቼዋለሁ ግን።»

«ወላሂ፣ ቡሎን ብትሰብር ይህ ሕዝብ አንተን ነው የሚፈጭህ» አለችና የናፍጣውን መዝጊያ አጠበቀችው።

ቡሎኖቹን በዘይት አርሶ፣ በእሳት አሙቆ፣ እንደ እንቁላል እየዳበሰ አንድ በአንድ ፈታ። ጀርባው በላብ ራሰ። የመጨረሻው አልፈታ ብሎት ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ሰጠ። የሞተሩን ሆድ ከፈተና እጁን አስገባ። ክንዱን ያዝ አድርጎ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ተነቃነቀ። ወደ ታች ሳበው። ተነቃነቀ። ያወጣው ኩሽኔታ ላዩ ተልጦ መዳቡ ቀልቶ ነበር፤ ክንዱን ካሰሩት ሁለት ቡሎኖች አንዱ በጣት የሚዞር ሆኖ ነበር።

ኩሽኔታውን በመዳፉ ይዞ ለሰልፉ አሳየ። መካኒክነት የማያውቅ እንኳ የታመመ ነገር ሲያይ ያውቃል። ያቺ ስለ ልጆቿ ጦም ማደር የተናገረችው ሴት አማተበች። ሁሪያ «ሱብሃነላህ» አለችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሊዲያ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ተደንቃ ነበር።

«ጋዝ የቀላቀለ ሞተር አሰምቼው አላውቅም» አለች ጮክ ብላ በጆሮው። «እንዲህ ያለ ድምፅ ሲማር አልነበረም። ከጋዙ ለይቶ ያወጣዋል ብዬ አልጠበቅሁም።»

«ታዲያ እንዴት ለየው?»

«አላውቅም።»

«አንቺ የሠራሽው?»

«የሠሩትም ሰዎች እስከ ሥሩ አያውቁትም፣ ጋሽ ፈንታው። የት እንዳየ ያሳየናል፤ እንዴት እንዳየ ግን ገና ነው። ይህንኑ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ።»

ፈንታው ይህን በሆዱ አመላለሰው። ስንት ረዳት፣ «ሦስተኛው መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። እሱም የሚመልሰው አጥቶ፣ «ስማው እንጂ!» እያለ ይቆጣ ነበር። የሚነግራቸው ስለሌለው ነበር የሚቆጣው።

በወንዙ ዳር ካለ የብርቱካን ማሳ፣ የሞተሩ ራስ ተሰንጥቆ ከቆመ የመስኖ ፓምፕ ተመሳሳይ ኩሽኔታ ተፈትቶ መጣ። ጥቂት ቢሰፋም ፍቆ አገጣጠመው። ፀሐይ ወደ ደጋው ሳታዘነብል ሞተሩ ተነሳ፤ ሰልፉም ማንም ሳያዘው ጸጥ አለ። በሥዕሉ ላይ ደማቆቹ ዘንጎች እንደ ቀድሞው መጡ፤ ጋዙ አሁንም ያንኳኳል። በመካከላቸው ያለው ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ብቻ ነበር። ስልኩ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ «ነዳጅ»።

«ፍጪ!» አለ ፈንታው።

ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ዞረ፤ ማሽላው ወረደ፤ የመጀመሪያው ዱቄት በእጅ ተነክቶ ሞቀ ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ ተራው ተመለሰ። ፈንታው ግን ስልኩን አልመለሰም። በሁለት እጁ ይዞ ከሞተሩ አዞረና ወደ ሰልፉ አቀናው። የአህያ ማናፋት እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ አለፈ። የሕፃን ልቅሶ ከላይ በኩል ቀጭን ቀጭን መስመር እያሰመረ ሄደ። በሩቅ፣ ከተራራው ወዲያ፣ አንድ ዝቅ ያለ ሰፊ ጥላ ሥዕሉን ከግርጌ ነካውና ጠፋ፤ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ አውቆ ፊቱን አዞረ፤ እሱም ከጋራዡ ኋላ የወደቀው ዓይነት መሆኑን አወቀ።

አልማዝ ሁሪያን ምን እንዳለቻት አልሰማም። ሁሪያ ግን ዱቄት በለበሰ ፊቷ አፏን ከፍታ ሳቀች፤ ከነሐሴ በፊት በገበያው ማዶ ይሰማ የነበረው ሳቋ ነው። በስልኩ ላይ ቀይና ወርቅ የሆነ መሰላል ተነሣ፤ ደረጃ በደረጃ ወጣና እየቀለለ ከላይ ተበተነ። ፈንታው እስኪያልፍ ድረስ ተከተለው። ሥዕሉ ተመልሶ ሰማያዊ ሲሆን ቀና አለ።

«ሁሪያ!» ብሎ ጮኸ። «ድገሚው እስቲ!»