ጋሽ ድገመው እንግድነቱን የተቀማ ዕለት

ጋሽ ድገመው ይሉታል። ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ መልሱን ብታገኘው «ድገመው!»፣ ብትስተውም «ድገመው!» ነበር። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ጡረታ መውጣቱም ይህን ዓመል አላስተወውም።

ሚስቱ የመርሳት ሕመም ያዛት። እሷን መሰል አረጋውያን ወደሚኖሩበት ቤት ከገባች ወዲህ፣ ጋሽ ድገመው ከምሳ በኋላ ኮቱን ለብሶ፣ ፎቶግራፎች በኪሱ አጭቆ መሄድ ነው። ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ይጀምራል። «እኔ ማን ነኝ? ይቺስ ማን ናት? እስቲ ድገሚው።» ዋናዋ ሲስተር «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ፈተና የለም። እሺ እያሉ አብረዋቸው ይዋሉ እንጂ» ብትለው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ሚስቱ መጀመሪያ ላይ ትመልስ ነበር። ቆይታ ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ኋላ ጭራሽ ዝም አለች፤ ድፍን ክረምቱን አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም። እሱ ደግሞ በዚህ ዓለም የሚፈልገው ያችኑ አንዲት ቃል ነበር። «ውጣልኝ» ብትለው እንኳ እየዘለለ በወጣ!

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ በሩ ጋ እስኪደርስ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ተደፋበት። የልብስ ማጠቢያዋ ሴትዮ አይታው «ውይ በሞትኩት!» አለችና ኮቱንም ሱሪውንም አስወልቃ ማድረቂያ ውስጥ ከተተችው። በምትኩ የቤቱን ነዋሪዎች ግራጫ ቱታና ነጠላ ጫማ ሰጠችው። «እንግዳ» የሚለው ባጅ ኮቱ ደረት ላይ እንደተንጠለጠለ አብሮ ሄደ። ሴትዮዋም ሰዓቷ ደርሶ ነበርና ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ ቤቷ አመራች። እንግዲህ ጉዱ የፈላው ከዚህ በኋላ ነው።

አዲስ ተንከባካቢ ሥራ የጀመረችው ያን ዕለት ነበር። ከሁሉ በፊት ያስጠኗት ሕግ አንድ ነው፤ ነዋሪውን አትከራከሪ፣ ያለውን እሺ በይ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በቃሏ ይዛዋለች። ኮሪደሩ ላይ ባለ ቱታ ሽማግሌ ቆሞ ስታይ ፈገግ ብላ ክንዱን ያዘችው።

«አባባ፣ በዚህ በኩል።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንግዳ ነኝ።»

«እንዴታ! በዚህ ምድር ላይ እንግዳ ያልሆነ ማን አለ?»

«ሚስቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጠይቄያት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«ይሄዳሉ እንጂ! ሻይ እንጠጣና እንሄዳለን።»

«መኪናዬን ውጭ አቁሜያለሁ ስልሽ!»

«ትቁም አባባ፣ መኪና ምን አለባት።»

«መምህር ነኝ እኮ፣ መምህር!»

«ያስታውቃሉ» አለችና የረጠበ ፀጉሩን በመዳፏ አስተኛችለት።

ያበጠው ይፈንዳ ብሎ ወደ መውጫው ተመለሰ። በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ በየቀኑ ይነካዋል። ዛሬ ግን ንዴትና ብርድ ተባብረውበት አንዱን ካንዱ አምታታው። ቀይ መብራት በራ። ደገመው። አሁንም ቀይ! ሒሳብ ሲያስተምር ያረጀ ሰው በአራት ቁጥር ተሸነፈ። ልጅቷ ምንም እንዳላየች ሆና፣ እየሳበች ወደ መዋያው ክፍል ይዛው ገባች።

ሚስቱ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣ፣ ከፊቷ ካለው ቅርጫት ፎጣ እያወጣች ታጣጥፋለች። ልጅቷ «እማማ፣ አጋዥ አመጣሁልዎት» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጋሽ ድገመው እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ኪስ የለም፤ ፎቶ የለም። ምን ይጠይቃት? ባዶ መዳፉን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ሚስቱ ከነጠላ ጫማው እስከ ራሱ ድረስ አየችው። ከዚያ አንድ ክምር ፎጣ ገፋችለት። «አንተ ሰውዬ፣ ለማየት ነው የመጣኸው? አጣጥፍ እንጂ!»

ቃል! ያውም ስንት ቃል! ልቡ ቅቤ ጠጣ። እሰይ ብሎ መዝለል አማረው፤ ግን ቢዘል የምታባርረው መሰለው። «እሺ እመቤቴ፣ እርስዎ እንዳዘዙኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እርስዎ ያልከኝ አርጅቼብህ ነው? አንቺ በለኝ።»

«አንቺ» አለ። በትዳር ዘመኑ ሁሉ እንደዚች «አንቺ» የጣፈጠችው የለችም።

«አዲስ ስለሆንክ ልምከርህ» አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «እዚህ ያሉት ልጆች ደጎች ናቸው። ግን ምስኪኖች፣ ይረሳሉ። ይህን ፎጣ አጥፈን እንሰጣቸዋለን፤ ጓዳ ይወስዱና በትነውት መልሰው ያመጡልናል! ደጋግመው! እኔ እንዳይከፋቸው ብዬ ምንም አልላቸውም። ዝም አይነቅዝም።»

ሚስቱ አፏን ሳትዘጋ ልጅቷ መጥታ የታጠፈውን ሁሉ ሰብስባ ወሰደች። ትንሽ ቆይታ የተመሰቃቀለ ፎጣ የሞላው ቅርጫት ታቅፋ ብቅ አለች። «ኧረ እማማ፣ ይህን ሁሉ ማን ያግዘኝ?»

«አመጡ! ላግዝሽ የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ፣ በክርኗ ጎኑን ጎሸም እያደረገች። ጋሽ ድገመው ሳቁን ሊያፍን አፍንጫውን ፎጣ ውስጥ ቀበረ። አልሆነም፣ አመለጠው። እሷም ተከተለችው። ተያይዘው ተንከተከቱ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ ሆዳቸውን እስኪያማቸው። ልጅቷም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

ሚስቱ እንባዋን ስትጠርግ ድንገት በሩን ገላመጠች። «ሳንወድ በግድ ዝም የሚያሰኘን ሰውዬ አሁን ይመጣል» አለች። «ባለ ኮቱ። ፎቶ ይደረድርና ይሄ ማን ነው፣ ይቺ ማን ናት ይለኛል። ብመልስ ድገሚው ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሳላውቅለት ስቀር ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እኔ ደግሞ ሰው ማስለቀስ አልወድም። ስለዚህ ዝም አልኩት። ዝም ያለ አይሳሳትም፣ አይደል?»

ጋሽ ድገመው የያዘው ፎጣ እጁ ላይ ቀረ። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሱ ሕመሙ ነው ዝም ያሰኛት ሲል፣ ለካ ለእሱ አዝናለት ኖሯል!

«ምን... ምን ብሎ ቢጠይቅሽ ይሻል ነበር?» አለ።

«ለምን ይጠይቀኛል? መጥቶ ፎጣ አያጥፍም?»

ይህን እንዳለች የዋናዋ ሲስተር ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። «እንግዶች የሚወጡበት ሰዓት ደርሷል! ባለ ኮቱ ጋሼ ገብተው የት ደረሱ? ያያቸው አለ?»

«መጣ! ባለ ኮቱ መጣ!» አለች ሚስቱ። እጁን ለቀም አድርጋ ጎተተችውና፣ አይ ጉድ፣ ሁለት አዛውንቶች ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጠረጴዛው ሥር ገቡ! የጠረጴዛው ልብስ ከላይ ወርዶ ሸፈናቸው። እሷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች፤ እሱ ቱታው ከወንበሩ እግር ጋር ተጠላልፎበት ይታገላል። ጠባብ ነውና ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ።

«ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ባልሽ ነኝ» የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ትክክለኛ መልስ ነው። ግን ብትደነግጥስ? ያ ዝምታ ቢመለስስ? ጋሽ ድገመው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን መልስ ዋጠው።

«እንጃ» አለ። «ረሳሁት።»

ዞራ አየችው። ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «አይዞህ» አለችው። «እኔም እረሳለሁ። ሁለታችንም ከረሳን ማን ይፈትነናል?»

ዋናዋ ሲስተር የጠረጴዛውን ልብስ ገለጥ አድርጋ አየች። ጋሽ ድገመው አንድ እጁ እንደተያዘ፣ በሌላው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመናት። ሲስተር የእሱን ቱታ አየች፣ የእሷን ሳቅ አየች፣ የጠረጴዛውን ልብስ ቀስ ብላ መለሰችው።

«ተሳስቻለሁ» አለች ጮክ ብላ ለአዲሷ ልጅ። «እዚህ ምንም እንግዳ የለም።»