ሐመሩ ሐ

ዳግማዊ በጅማው የቡና ችግኝ ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነበር። የገበሬዎቹ መዝገብ የሚገባበት ፕሮግራም የእጁ ሥራ ነው። አራት ሺህ ስም በአንድ ድሮፕዳውን ውስጥ አጭቆበታል፤ ጸሐፊዎቹ ቀስቷን ተጭነው የተዘረገፈውን ዝርዝር በማውስ እየገፉ፣ አንድ ሰው ለማግኘት ዓይናቸው እስኪቀላ ይፈልጋሉ። ማንም አልተማረረም፤ ከዚያ የተሻለ አላዩማ።

በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሌንሳ የምትባል ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ተቀጠረች። በሁለተኛው ሳምንቷ ዝርዝሩ አናት ላይ መጻፊያ ቦታ አበጀችለት። ሁለት ፊደል ሲመቱ አራት ሺው ስም ወደ አስር ይወርዳል፤ ሦስተኛውን ሲመቱ ሰውየው ብቅ ይላል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚያውቁትን ገበሬ ሁሉ ስም እየጻፉ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ዳጊ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲህ መሆን ይችል ነበር እንዴ?» አሉት።

ክፋት አልነበረበትም ጥያቄው። ዳግማዊን ግን አንጀቱ ድረስ ዘለቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሌንሳ ሳቅ ያመው ጀመር። ሻይ ስትጋብዘው «ጠጥቻለሁ» ይላል፤ ሰው ጠረጴዛዋን ከቦ ሲያይ ጆሮው ይግላል። አንድ እሁድ ብቻውን ቢሮ ገብቶ ሥራዋን ሲበረብር ዋለ፤ እንከን ፍለጋ።

አገኘም። ፍለጋው የሚያውቀው የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው። መዝገቡን ግን የሞሉት ብዙ ጸሐፊዎች ናቸው፤ አንዱ ሃሌታውን ሀ፣ አንዱ ሐመሩን ሐ፣ ሌላው ብዙኃኑን ኀ እየመዘዘ። ዳግማዊ አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ እንዲህ ያለው ነገር ገና ከሩቁ ይሸተዋል። ሌንሳ የሰርቦ ልጅ ናት፤ የተማረችው በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው፤ ለእሷ ሦስቱም ያው «ሀ» ናቸው። አንድ ቃል ቢነግራት በግማሽ ቀን ታስተካክለዋለች።

አልነገራትም። «በሰው ፊት ትየው» አለ በልቡ።

ሰኔ ሲገባ የቡ በምትባለው ከተማ ችግኝ ማደል ተጀመረ። ሌንሳ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ላፕቶፕ ዘርግታ ስም ትጠይቃለች፤ ስሙ የተገኘ ችግኙን ይረከባል፣ ያልተገኘ ይመለሳል። ዳግማዊ ከጎኗ ሆኖ ወረቀት ይፈርማል። እስከ ረፋዱ ሰባት ሰው ስሙ ጠፍቶ ተመለሰ። ሌንሳን ላብ አጠመቃት፤ የዳግማዊ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ስምንተኛው ሐሺም ቲጃኒ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቡናቸውን በሽታ ፈጅቶባቸው ለአዲሱ ችግኝ ጉድጓድ ቆፍረው ከጨረሱ ወር አልፏቸዋል።

«የሉም፣ አባባ» አለች ሌንሳ ሁለቴ ሞክራ።

«ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እንዴት የሉም ትይኛለሽ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የተመዘገቡ ዕለት ዝናብ እንደነበረ፣ የጻፋቸውም ቀጭን ልጅ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ «ኸይር ነው፣ አላህ ያውቃል» ብለው የአህያቸውን ገመድ ፈቱ። ሌንሳ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዳግማዊ ሲመኘው የከረመው ይኼንኑ ነበር። ሲመጣ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በአህያዋ ጎንና ጎን የተንጠለጠሉት ባዶ ቅርጫቶች እየተወዛወዙ ሲርቁ አየ።

«እስቲ አንዴ» አለና ሐመሩን ሐ መታ። ሐሺም ቲጃኒ፣ የቡ፣ መቶ ሃምሳ ችግኝ።

ሌንሳ ስክሪኑን ትታ ጣቶቹን አየች። አልፈለጉም፣ አልተጠራጠሩም፤ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት።

«ታውቅ ነበር?»

ውሸት አፉ ላይ ደረሰ። ዋጠው። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አለና ሮጠ።

ሽማግሌውን ከገበያው ማዶ ደረሰባቸው። «ስምዎ አለ። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የእኔ ነው» ሲላቸው ነገሩ ብዙም ሳይገባቸው አህያቸውን አዞሩ። ሰባቱን መፈለግ ግን በዚያ ጭቃ መንደር ለመንደር ሁለት ቀን ፈጀበት። ስድስቱ ተገኙ፤ ችግኛቸውንም ወሰዱ። ሰባተኛዋ ሴትዮ በማግስቱ ከጎረቤት የጫት ችግኝ ለምና ጉድጓዶቿ ላይ ተክላ ጨርሳለች።

«ስምሽ የለም ከተባልኩ ምን ልጠብቅ?» አለችው።

ቢሮ ሲመለስ ወይዘሮ ብርሃንነሽ እንደሚጠሩት እርግጠኛ ነበር። አልጠሩትም። ሌንሳ ለማንም አልተናገረችም። ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ እንደ አንድ የሚቆጥር አድርጋ ፍለጋውን ብቻዋን ጽፋ ጨርሳለች። ከስድብ ይልቅ ይኼ ዝምታዋ አቃጠለው። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ዝም እንደማይል ያውቀዋል። በእጇ ሥራ መቅናቱ ሳያንስ አሁን ደግሞ በልቧ ቀና።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ድረስ መጥታ ቆመች። ፊቷ አልተፈታም።

«ሌላ የማላውቀው አለ?»

«ወልደሰማያት» አለ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት። «ግማሹ ጸሐፊ አንድ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ግማሹ ለያይቶ።»

ሌንሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።